ማሽኑ ልክ ነው፤ ስክሪኑ ግን ያሳስተናል



እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ በሽታ፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ አመጋገብ ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከቁብ ስለማንቆጥረው ነገር ላውራችሁ፦ ስለ ላብራቶሪ ማሽን ስክሪን። "ዶክተር፣ ይሄ ደግሞ እኛን ምን አገባን?" የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፤ በጣም ያገባችኋል።

ደማችሁ ተቀድቶ ማሽን ውስጥ ሲገባ ሥራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ማሽኑ የለካውን ለሰው መናገር አለበት። ያ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፣ ወረፋ የበዛበት ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ስኳሯን የምትለካ እናት ልትሆን ትችላለች። ማሽኑ ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ነገር በሙሉ፣ ማለትም ስክሪኑ፣ ቁልፎቹ፣ ድምፁ፣ የሚያትመው ወረቀት፣ በባለሙያዎች ቋንቋ "ኢንተርፌስ" ይባላል።

የኔ አቋም አጭር ነው። ማሽኑ በትክክል ለክቶ ሰው በስህተት ካነበበው፣ ለታካሚው የተሳሳተ ምርመራ እንደተሰጠው ይቆጠራል። ስለዚህ "አንባቢው ነው ያጠፋው" ማለት ይብቃን። ስክሪኑም የምርመራው አካል ነው፤ ማሽኑ ሲሠራም ሲገዛም እንደ ሌላው ክፍል ሁሉ ሊፈተሽ ይገባል። ለምን እንደምል በምሳሌ ላሳያችሁ።

👉 አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም

እስቲ ይህን አስቡ። ለንደን የምትኖር ልጅ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ጥሩ ግሉኮሜትር ትልካለች። እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ስዊድን ውስጥ የደም ስኳር የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ነው። እኛ አገርና አሜሪካ ደግሞ በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 18 እጥፍ ነው። እኛ 126 የምንለውን እነሱ 7 ይሉታል።

እናት አንድ ማታ ድካምና ራስ ምታት ይሰማቸውና ይለካሉ። መሣሪያው 17.0 ይላል። ሐኪማቸው ደግሞ "ከ70 በታች ከሆነ ጣፋጭ ነገር ቶሎ ይውሰዱ" ብሏቸዋል። የጎረቤት ልጅ አይቶ "እማማ፣ 17 ብቻ እኮ ነው!" ይላል። ከዚያ ምን ይመጣል? ሻይ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ተጨምሮበት። እውነተኛው ቁጥር ግን በኛ አቆጣጠር 306 ነው። ስኳራቸው ከመጠን በላይ ከፍ ብሎ ሳለ ሌላ ስኳር ጨመርንባቸው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ማን አጠፋ? መሣሪያው በትክክል ለክቷል። ስትሪፑም ደህና ነው። ልጁም ማንበብ ይችላል፣ ያነበበውም በስክሪኑ ላይ ያለውን ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዩኒቱ፣ ያውም ከዋናው ቁጥር ስር በጉንዳን ፊደል የተጻፈው።

ይህ የኛ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አንዳንድ ግሉኮሜትሮችን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ሰው ሰዓትና ቀን ሲያስተካክል፣ አንዳንዴም መሣሪያው ሲወድቅ፣ ዩኒቱ ሳይታወቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀየር ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? ዛሬ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ተጠቃሚው ዩኒቱን መቀየር በማይችልበት መልኩ ተቆልፈው ይሸጣሉ። ልብ በሉ፤ ችግሩ የተዘጋው ለሕዝቡ "ተጠንቀቁ" በሚል ምክር ብቻ አይደለም። የመሣሪያው ዲዛይን ስለተቀየረ ነው።

👉 ዝም የሚል ማሽንና በኮድ የሚያወራ ማሽን

ብዙዎቹ ግሉኮሜትሮች ስኳሩ ከ600 በላይ ሲሆን ቁጥር ማሳየት ያቆማሉ። በምትኩ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ያወጣሉ፣ ሲነበቡ "ሃይ" የሚሉ። እንግሊዝኛ ለለመደ ሰው "ከፍተኛ" ማለት ነው። ላልለመደ ሰው ግን ሰላምታም ሊመስል ይችላል፣ ስትሪፑ የተበላሸም ሊመስል ይችላል። በተመሳሳይ ከ20 በታች ሲወርድ "ሎ" ይላል። አስቡት፤ መሣሪያው እጅግ አደገኛ በሆነችው ሰዓት ላይ ነው በጣም አጭርና በጣም ግልጽ ያልሆነ ቃል የሚጠቀመው።

ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ላይፍስካን የተባለው ኩባንያ ዋንታች ቬሪዮ አይኪው የተባለውን ግሉኮሜትሩን ከገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ስኳሩ 1024 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መሣሪያው "ቶሎ ሐኪም ቤት ሂድ" የሚል ማስጠንቀቂያ በመስጠት ፈንታ ራሱን ያጠፋ ነበር። አንድ ታካሚ መሣሪያው ጠፍቶ ሲያይ ምን ያስባል? "ባትሪ አልቋል" ይልና ይተኛል። ያ እንቅልፍ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

የማሽን ኮድ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ለአፍታ ከላብራቶሪ ወጥተን ወደ ጨረር ሕክምና እንሂድ። ቴራክ 25 የተባለ የካንሰር ጨረር ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ስድስት ታካሚዎችን ከልክ በላይ በሆነ ጨረር ጎድቷል፤ ሕይወታቸው ያለፈም ነበሩ። ዋናው ጥፋት የሶፍትዌሩ ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ችግር ሲገጥመው ለኦፕሬተሩ የሚያሳየው "ማልፈንክሽን 54" የሚል ኮድ ነበር። ኮዱ ምን ማለት እንደሆነ የመመሪያ መጽሐፉም አያብራራም። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ትንንሽ ኮዶች ስለሚያወጣ ኦፕሬተሮቹ አንዲት ቁልፍ ተጭነው ማለፍን ለምደው ነበር። ያን ቀንም እንደልማዳቸው አለፉት።

ወደ ላብራቶሪያችን ስንመለስ ታሪኩ ይመሳሰላል። ስንት ማሽን ነው "ኤረር" ብሎ አራት አሃዝ አስከትሎ ዝም የሚለው? የጤና ጣቢያ ባለሙያ መመሪያውን ከመደርደሪያ አውርዶ፣ ዝርዝሩን ፈልጎ፣ ናሙናው ይደገም አይደገም የሚለውን እስኪያውቅ በሽተኛው ኮሪደር ላይ ይጠብቃል። "ናሙናው በጣም ወፍራም ነው፤ እንደገና አዘጋጅተህ ድገም" ብሎ መጻፍ ማሽኑን ምን ያህል ያስቸግረዋል?

👉 የጠፋችው ኮከብ

ይህን ክፍል በተለይ ሲቢሲ የተባለውን የደም ምርመራ ተሠርታችሁ የምታውቁ ሁሉ አንብቡልኝ።

የሲቢሲ ማሽን ሴሎችን ይቆጥራል። ጎበዝ ማሽን ነው። አንዳንዴ ግን በራሱ ቁጥር አይተማመንም። ለምሳሌ ፕሌትሌቶች ደሙ የተቀዳበት ቱቦ ውስጥ ባለው ኬሚካል የተነሳ ሊጣበቁ ይችላሉ። ማሽኑ የተጣበቁትን እንደ ብዙ ሴል ሊያያቸው ስለማይችል ቁጥሩን አሳንሶ ያወጣል። ጤናማው መጠን ከ150,000 እስከ 450,000 ሆኖ ሳለ 40,000 ሊል ይችላል። ሰውየው ግን ምንም የለበትም!

ማሽኑ ይህን ሲጠረጥር ዝም አይልም። ብዙዎቹ ከቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ወይም ሌላ ትንሽ ምልክት ያስቀምጣሉ። ትርጉሙ "ይህን ቁጥር አላመንኩትም፤ በማይክሮስኮፕ እዩልኝ" ማለት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት ባለቀበት ወይም ማሽኑ ከኮምፒውተር ጋር ባልተገናኘበት ቦታ ባለሙያው ውጤቱን በእጁ ወደ ፎርም ይገለብጣል። 40,000 ይገለበጣል። ኮከቧ ትቀራለች።

ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው ያለ ኮከብ 40,000 ነው። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይራዘማል፣ ቤተሰብ ደም ለጋሽ ፍለጋ ይሯሯጣል፣ ታካሚው "የደም ካንሰር ይሆን?" ብሎ እንቅልፍ ያጣል። ማሽኑ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ የተናገረው ግን በጣም ቀስ ብሎ ነበር። ትልቅ ጥርጣሬ በትንሽ ምልክት መነገር የለበትም። ቁጥሩ ራሱ ተሸፍኖ "በማይክሮስኮፕ ሳይረጋገጥ አይጻፍ" ቢል ኖሮ፣ ማንም ሳይታወቀው አይገለብጠውም ነበር።

👉 "አልተገኘም" ያለው የቱ ነው?

ጂን ኤክስፐርት የተባለውን የቲቢ ምርመራ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ከደገፈው ወዲህ የቲቢን ምርመራ በጣም ቀይሯል። ናሙናው ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል፣ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ይወጣል፣ የእጅ ሥራው ትንሽ ነው። በዚህ በኩል ለሰው የተመቸ ዲዛይን ነው ብዬ አደንቀዋለሁ።

የውጤቱን አጻጻፍ ግን ተመልከቱ። ቲቢ ኖሮበት መድኃኒቱን ያልተላመደ ታካሚ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ሁለት ነገር ይጻፋል፦ የቲቢ ባክቴሪያ "ተገኝቷል"፤ ሪፋምፒሲንን የመላመድ ምልክት "አልተገኘም"። ለሠለጠነ ባለሙያ ግልጽ ነው። ነገር ግን ወረቀቱን ይዞ የሚሄደው ታካሚ፣ ወይም ፎቶውን በቴሌግራም የሚያየው ዘመድ፣ ዓይኑ "አልተገኘም" የምትለዋ ላይ ሊያርፍ ይችላል። "ተመስገን፣ ነፃ ነህ!" ይለዋል። ቲቢ ያለበት ሰው መድኃኒት ሳይጀምር ቤተሰቡ ጋ ይቀመጣል ማለት ነው።

"ቲቢ አለ። የተለመደው መድኃኒት ይሠራለታል።" እነዚህ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ከላይ በትልቁ ቢጻፉ፣ የቴክኒኩ ዝርዝር ከታች ቢሆን፣ ሳይንሱ ምን ይጎድልበታል? ምንም።

👉 ማሽኑ አገራችንን አያውቅም

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንምጣ። አብዛኞቹ ማሽኖች የተሠሩት ሌላ አገር፣ ለሌላ ሰው ታስበው ነው። ይህ ሦስት ቦታ ላይ በግልጽ ይታያል።

አንደኛ፣ ቀን። የኛ አቆጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የነሱን ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን የልደት ዓመቱ እንዳለ "2017" ተብሎ ቢገባ፣ ማሽኑ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልጅ አድርጎ ይቆጥረዋል። የአራስ ልጅ ሄሞግሎቢን፣ ቢሊሩቢንና የነጭ ደም ሴል መጠን ከ8 ዓመት ልጅ በጣም ይለያል። ስለዚህ ጤናማው "ታሟል"፣ የታመመው "ጤናማ ነው" ሊባል ይችላል። ሰዓቱም ላይ ያው ነው፤ "2 ሰዓት ላይ የተቀዳ" ሲባል ጠዋት ይሁን ሌሊት፣ በኛ ይሁን በነሱ፣ ማሽኑ አይጠይቅም።

ሁለተኛ፣ ስም። የውጭ ሶፍትዌር "የመጀመሪያ ስም" እና "የቤተሰብ ስም" ብሎ ሁለት ቦታ ይሰጣል። እኛ ጋ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለው። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል በአንድ ቀን የራስና የአባት ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ሰዎች ቢመጡ ምን ይገርማል? የሚለያቸው የአያት ስም ግን ማስገቢያ የለውም። በላቲን ፊደል ሲጻፍማ አንዱ "ፀሐይ" በሦስት ዓይነት መንገድ ይጻፋል። የሰው ውጤት ለሰው የሚሰጥበት አንዱ በር ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ከፍታ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው አየሩ ስለሚሳሳበት ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያ በከፍታ እንዲስተካከል የሚመክረው ለዚህ ነው። በኛ ከፍታ ማስተካከያው ወደ 1 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። ማሽኑ ውስጥ የተሞላው "ጤናማ ክልል" ለባሕር ዳርቻ ሰው የተዘጋጀ ከሆነ፣ 11.5 ያላት የአዲስ አበባ ነፍሰ ጡር "ደህና ነሽ" ትባላለች። ምክንያቱም መነሻው 11 ነው። በከፍታ ሲስተካከል ግን ደም ማነስ አለባት። ስክሪኑ ላይ ምንም ቀይ ነገር የለም፤ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም።

ውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችንም ይመለከታችኋል። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ያለምንም በሽታ በተፈጥሮ ዝቅ ሊል ይችላል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ያለ ማሽን ግን "ዝቅተኛ" ብሎ በቀይ ያቀልመዋል። ከዚያ ምርመራ በምርመራ ላይ ይከተላል።

👉 ቀይ ቀለም ሁሉ አደጋ አይደለም

አሁን አሁን አንዳንድ ላብራቶሪዎች ውጤት በስልክ ይልካሉ። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከክልሉ ትንሽ የወጣውንም በጣም የወጣውንም በአንድ ዓይነት ቀይ ያሳያሉ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። "ጤናማ ክልል" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከጤናማ ሰዎች 95 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚወሰነው። ስለዚህ 20 እርስ በርስ ያልተያያዙ ምርመራዎች ብትሠሩ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆናችሁም ቢያንስ አንዱ ከክልሉ የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ለጤነኛ ሰው በየጊዜው ቀይ መብራት የሚያበራ ስክሪን ሁለት ጉዳት አለው፦ ጤነኛውን ያስፈራል፣ ባለሙያውን ደግሞ ቀዩን ችላ ማለት ያስለምደዋል። ፖታሲየም 7 የሆነበት ታካሚ እና 5.2 የሆነበት ታካሚ አንድ ዓይነት ቀለም ሊሰጣቸው አይገባም። አንደኛው አሁኑኑ ስልክ ሊደወልለት የሚገባ ነው።

👉 "ባለሙያውን አሠልጥኑ፤ ማሽኑን ተዉት" ለሚሉ

ይህን ሐሳብ ስናገር ከሥራ ባልደረቦቼ የሚመጣ ክርክር አለ። "ላብራቶሪ ባለሙያ ተምሮ ነው የመጣው፤ እንግሊዝኛ ይችላል፤ ችግሩ ሥልጠና ነው" ይላሉ። ሥልጠና ያስፈልጋል፣ አልክድም። ግን የሠለጠነም ሰው ይደክመዋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ መብራት ሄዶ በተመለሰበት፣ ድንገተኛ ክፍል እየደወለ ባለበት ሰዓት፣ ማንኛችንም ኮከብ ልናልፍ እንችላለን። በዚያ ላይ ሠልጣኙ ቦታ ይቀይራል፣ አዲስ ሰው ይመጣል። ማሽኑ ግን አሥር ዓመት እዚያው ነው። ሥልጠና በየዓመቱ ይደገማል፤ ጥሩ ዲዛይን አንዴ ተሠርቶ ሁልጊዜ ያገለግላል።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል። "በጣም ካቀለልከው ሰው ሳያስብ ያምነዋል፤ ዝርዝሩም ይጠፋል" ይላሉ። ትክክል ነው፤ ማቅለል ማለት መደበቅ ከሆነ አደጋ ነው። እኔ የምለው ግን ቅደም ተከተል ነው። ዋናው መልእክት ከላይ፣ ጥርጣሬው ከመልእክቱ ጋር አብሮ፣ ዝርዝሩ ለሚፈልገው ከስር። ጥርጣሬን የሚደብቅ ስክሪን ቀላል ተብሎ ሊወደስ አይገባም፤ ዋሾ ነው።

👉 ይቻላል፤ ተደርጎም ያውቃል

የቤት ውስጥ የእርግዝና ምርመራ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1967 ማርጋሬት ክሬን የተባለች አሜሪካዊት ኦርጋኖን በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ኬሚስት አልነበረችም፤ የግራፊክ ዲዛይን ባለሙያ ነበረች። ላብራቶሪው ውስጥ ተደርድረው ከስራቸው መስታወት የተቀመጠባቸውን ቱቦዎች አይታ "ይሄማ ሴቶች ራሳቸው ቤታቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነው" አለች። ጠረጴዛዋ ላይ ከነበረች የወረቀት ማያያዣ ሳጥን ተነስታ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሠራች። ኬሚስትሪው ያው ነበር። የተለወጠው ሰው የሚያይበትና የሚይዝበት መንገድ ነው። ያ ለውጥ ምርመራውን ከላብራቶሪ ወደ ቤት አወጣው።

በየጤና ኬላው የምናየውን የወባ ፈጣን ምርመራም ተመልከቱ። የቁጥጥር መስመር አለው። ያ መስመር ካልወጣ ሌላው ምንም ቢያሳይ ምርመራው አይቆጠርም። መሣሪያው "እኔ ራሴ ተበላሽቻለሁ" ብሎ ያለ ኮድና ያለ መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በአንድ እይታ ትረዳዋለች። የሚሊዮን ብር ማሽን ይህን ማድረግ እንዴት ያቅተዋል?

👉 ታዲያ ምን ይደረግ?

ለሚገዙት፦ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎትም ሆነ የግል ሆስፒታሎች ጨረታ ሲያወጡ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ኬሚካል ዋጋ፣ ስለ ጥገና ይጠይቃሉ። አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ "ይህን ስክሪን የኛ ባለሙያ በሌሊት ተረኛ ሰዓት ሳይሳሳት ይጠቀምበታል ወይ?" ከመግዛት በፊት አምስት ስድስት ባለሙያ አስቀምጦ ማስሞከር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ይህን የሚመለከት ዓለም አቀፍ መለኪያም አለ፤ አይኢሲ 62366 ይባላል፣ የመጀመሪያ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል፣ የሕክምና መሣሪያ ለተጠቃሚው ደህንነት ታስቦ እንዲሠራና እንዲፈተሽ ይጠይቃል። መሣሪያ የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ለዚህ ትኩረት ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ለሶፍትዌር ሠሪ ወጣቶቻችን፦ ማሽኑን መቀየር ባንችል እንኳ ከማሽኑ ውጤት ተቀብሎ ለሐኪምና ለታካሚ የሚያደርሰው ሶፍትዌር በእጃችን ነው። የአያት ስም ማስገቢያ ስጡን። የኢትዮጵያን ቀን የሚቀበልና ራሱ የሚቀይር አድርጉት። የከፍታ ማስተካከያ ጨምሩበት። ኮከቧን አታጥፏት። ከሁሉ በፊት ግን ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አንድ ሌሊት ላብራቶሪ ውስጥ ቁጭ በሉና ተመልከቱ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ?

ለላብራቶሪ ባለሙያዎቻችን፦ አስቸጋሪ የሆነባችሁን ስክሪን በዝምታ አትልመዱት። ጻፉት፣ ለአቅራቢው ላኩት። ቅሬታችሁ የሰነፍ ሰበብ አይደለም፤ የታካሚ ደህንነት ነው።

👉 እናንተስ ዛሬ ምን ታደርጋላችሁ?

✅ የቤት ግሉኮሜትራችሁን አሁን አውጡና ዩኒቱን እዩ። ቁጥሩ ሁልጊዜ ነጥብ ካለው፣ ለምሳሌ 6.4፣ በሚሊሞል ነው ማለት ነው፤ በኛ አቆጣጠር ለማወቅ በ18 አባዙት። መሣሪያው ጀርባ ላይ በፕላስተር በአማርኛ ጻፉበት።

✅ ከውጭ ዘመድ ሲልክላችሁ በሚሊግራም የሚለካ እንዲሆን ንገሩ። ስትሪፑ እዚህ እንደሚገኝም አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

✅ "ሃይ" ወይም "ሎ" ካለ፣ ወይም ሰውየው ታሞ ሳለ መሣሪያው ድንገት ከጠፋ፣ ተበላሽቷል ብላችሁ አትተኙ። እጅ ታጥቦ በአዲስ ስትሪፕ ይደገም፤ ከደገመው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም። "ሎ" ብሎ ሰውየው መዋጥ የሚችል ከሆነ ጣፋጭ ነገር እየሰጣችሁ ሂዱ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡ።

✅ ስኳር ዓይንንም ይጎዳል። ለወላጆቻችሁ መሣሪያ ስትገዙ ቁጥሩ ትልቅና ስክሪኑ የሚያበራ ይሁን። ድምፅ አውጥተው ውጤት የሚናገሩም አሉ።

✅ ውጤት ፎቶ ስታነሱ ከነስሙ፣ ከነቀኑ፣ ከነዩኒቱና ከነጤናማ ክልሉ ሙሉውን ወረቀት አንሱ። የተቆረጠ ፎቶ ላይ ቁጥር ብቻ ልካችሁልኝ መልስ ብጠብቁ፣ እኔም መገመት ነው የሚሆንብኝ።

✅ ወረቀቱ ላይ ስማችሁን፣ የአያታችሁን ስም፣ ዕድሜና ጾታ አረጋግጡ። የልጃችሁ ዕድሜ ከተዛባ እዚያው ይታረም።

✅ ከምትኖሩበት ሁኔታ ጋር የማይሄድ ውጤት ካያችሁ፣ ለምሳሌ ምንም ሳትደሙና ሳትታመሙ ፕሌትሌት በጣም ዝቅ ካለ፣ "በማይክሮስኮፕ ታይቷል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም።

ለዓመታት "ማሽኑ ነው ያለው" የሚለውን ቃል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስንቀበል ኖረናል። ማሽኑ የሚለው ነገር ሰው በነደፈው ስክሪን በኩል ነው ወደኛ የሚደርሰው። ሰው የነደፈውን ደግሞ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል፤ እኛ ከጠየቅን።

እናንተስ ከላብራቶሪ ውጤት ወይም ከቤት መሣሪያ ስክሪን ላይ ግራ የገባችሁ ነገር አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የተቋምና የሰው ስም ግን አትጥቀሱ። ስኳር ያለባቸው ወላጆች ላሏቸው ወዳጆቻችሁ ይህን ሼር አድርጉላቸው፤ የአንድ እናት ሌሊት ሊተርፍ ይችላል።

ጤናችሁ ይብዛ!